ጊታሩ ዝም ሲል

ያደሳ ኮልፌ ባለችው ጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ፣ የመጨረሻዋን ጩኸት መከላከያ ስስ የመዳብ ወረቀት በቤዝ ጊታሩ ሆድ ውስጥ በሽቦዎቹ ዙሪያ ለጠፈና ክዳኑን አሰረ። አምፕሊፋየሩን እስከ ጥግ ቢከፍተው፣ ያ እንደ ንብ እዝዝ የሚለው የድሮ ጩኸት ጠፍቷል። ሌሊሴ አብራው ስትዘፍን፣ «ይሄን ንብህን አንድ በልልኝ!» ያላለችበት ቀን አልነበረም። ከተለያዩ ወዲህ ግን ቁጣዋ እንኳ ይናፍቀው ነበር። የምስራቹን የሚነግረው ሌላ ሰው አልታየውምና ደወለላት፤ ስልኩንም ወደ ስፒከሩ አስጠጋ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ንቡ ሄደ!»

ሌሊሴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «እኔ እኮ መዝፈን ትቻለሁ፣ ያደሳ» አለችው።

ያደሳ በአውራ ጣቱ የእሷን ዘፈን መግቢያ ቀስ ብሎ መታ። ያኔ ከስልኩ ውስጥ፣ ልትዘፍን ስትል እንደምታደርገው፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማት።