አንድ እፍኝ ጨው

ነርሷ የመጀመሪያውን ማንኪያ ስትጎርስ፣ ጋባዧ ከጠረጴዛው ማዶ እጇን አጣምራ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ነርሷ እንደምንም ዋጠች፤ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ «ውይ፣ እጅ ያስቆረጥማል! ምን ጨምረሽበት ነው?» አለች።

«እስቲ ገምቱ» አለች ጋባዧ። ከነርሷ አጠገብ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ተጠብሶ መሆን አለበት አለች፤ እሷም ቤቷ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ነርሷ ደግሞ፣ የለም፣ የሎሚ ልጣጭ ነው ብላ ድርቅ አለች። የጋባዧ ደም ፈላ። ያ ክፉ ጉንፋን ምላሷን ካደነዘዘባት ወዲህ ጨውን ከስኳር አትለይም፤ «ካበላሸሁ ንገሩኝ» ብላም ለምናቸው ነበር። እነሱ ግን በየወሩ ተሰብስበው ያቀረበችውን ሁሉ ጠራርገው በልተው፣ አሠራሩን ጠይቀው ይሄዳሉ። ዛሬ ምስር ሾርባው ውስጥ ሆን ብላ አንድ እፍኝ ጨው በትናበታለች። እንደ ሕፃን ሲያባብሏት ስታይ፣ ድስቱን አንስታ ብትደፋባቸው በወደደች።

ይኼኔ አርፍዳ የመጣችው የባሏ እህት፣ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ዓይንሽን ላፈር ያለቻት ያቺው ሴት፣ አንዴ ቀመሰችና መልሳ ሶፍት ላይ ተፋችው። «ኤዲያ! ልትጨርሽን ነው እንዴ? ይሄ እኮ ጨው ብቻ ነው!»

ነርሷ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። ጋባዧ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ንጹሕ ማንኪያ አንስታ ለባሏ እህት አስጨበጠቻት።

«ነይ ወጥ ቤት» አለቻት፣ ድምፅዋ ገና በንዴት እየተንቀጠቀጠ። «ሌላው ድስት እሳት ላይ ነው። አንቺ ቅመሺልኝ።»