የኋላ ክፍል ሰዓት

እሑድ ከቀትር በኋላ እናቴ ደውላ ኮምፒውተሯ ሰዓት እንደሳተ ነገረችኝ። ሙያዬ የኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ።

የማሳያው ጥግ ላይ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10» ይላል። አባቴ የሞተው ባለፈው ማክሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬንም አላነሳሁም።

ቀኑን አስተካከልኩት፤ ዞሮ ማክሰኞ አለ። የውስጥ ባትሪውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ የየከተማውን ሰዓት የሚያስመርጠውን ዝርዝር ከፈትኩ። ከከተሞቹ ስም መሃል የተመረጠው «የኋላ ክፍል» የሚል ነው።

«እማዬ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ምኑን ልጄ? እኔ ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ መቼ አውቅበትና!»

የኋላ ክፍል የምንለው የአባቴን መኝታ ቤት ነው። ከቀብሩ ወዲህ እንደተቆለፈ ነው።

«ቁልፉን ስጪኝ» አልኳት። ለምን እንኳ ሳትል ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ።

ኮሪደሩን ሳቋርጥ ፍርሃትም ሐዘንም አልተሰማኝም። እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን በሩን ከፈትኩ።

ሳሎን ትቻት የመጣሁት ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላ ነበር። እዚህ ግን የጠዋት ብርሃን በምሥራቁ መስኮት ገብቶ አልጋው ላይ ተነጥፏል። አባቴ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል።

«መጣህ እንዴ?» አለኝ። «እስቲ ጠጋ በል። ደረቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል።»