ከነዘሯ

ወሬውን ያመጣችው ሄሱክ ናት። ለጉልበቷ መርፌ ልትወጋ ሆስፒታል ሄዳ ሳለ፣ ወንድሟ ቴጎንና ሚስቱ ሚራን ከጡት ሕክምና ክፍል ሲወጡ አየቻቸው። ሰላም አላለቻቸውም። ምሰሶ ጀርባ ተደብቃ አሳለፈቻቸውና፣ መርፌውን ትታ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ እናቷ ቤት በረረች።

"አገኛት!" አለች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። "የእናቷ በሽታ አገኛት!"

ወይዘሮ ማልሱን ያሰጡትን ዓሣ ማገላበጡን ተዉ።

"ብዬ ነበር" አሉ። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልታየም። ክርክር የረታ ሰው ፊት ነበር።

እውነትም ብለው ነበር። ያኔ ቴጎን ሚራንን ላግባ ሲል፣ ሰው ልከው ዘሯን አስጠይቀዋል። እናቷ በጡት ካንሰር ሞታለች፤ ታላቅ እህቷም እንደዚሁ። ወይዘሮ ማልሱን "ከዚያ ቤት ሙሽራ ሳይሆን ሬሳ ነው የሚወጣው" ብለው፣ እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። ልጁ ግን አገባት። እሳቸውም ሲርባቸው ተነሡ።

እሑድ ዕለት እናትና ልጅ የኮሪያዋን የፑሳን ከተማ ድልድይ ተሻግረው ዮንግዶ ደሴት ላይ ካለው የቴጎን ቤት ደረሱ። በእጃቸው ምንም አልያዙም።

ምድጃው ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ የገባበት የሩዝ ገንፎ ይንተከተካል። ወይዘሮ ማልሱን ክዳኑን ከፍተው አዩ።

"እንዲህ ነው እንጂ! ለራሷ ሲሆንማ ከውዱ ነው!"

ሚራን ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ቴጎን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። መርከብ የሚበይድ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። እናቱ ሊያቅፉት ጎንበስ ሲሉ ሸሸት አለ።

"አየሽ?" አሉ ወደ ሚራን ዞረው። "ልጄን አጥንቱ እስኪወጣ አከሳሽው! እናቱን ማቀፍ እንኳ አስጠላው!"

"ከባለቤቴ ጋር የሕዝብ መታጠቢያ ቤት መሄዱንም ትቷል" አለች ሄሱክ። "በየእሑዱ አብረው ይታጠቡ ነበር። አሁን ሲጠሩት ብርድ ይዞኛል ይላል።" ከዚያ ሚራንን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። "አንቺ ግን ተመስገን ነው፣ ወዝሽ አልተነካም።"

"እንግዲህ ተሳድባችሁ ከጠገባችሁ ሻይ ላፍላ?" አለች ሚራን።

"ሻይሽን ተይው። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነውር ተሰምቶ አያውቅም።" ወይዘሮ ማልሱን ጀርባቸውን አቀኑ። "እናቴ ደረቷን አሟት ነው የሞተችው። ሁለቱ እህቶቼም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደረታቸውን ነው። ጎረቤት ፊት ቢነሣ የማያሳፍር ንጹሕ በሽታ!"

"ደረታቸው ምን ሆኖ ነው?" አለች ሚራን።

"ደረት ነዋ! ደረት ምን ይሆናል? በእኛ ጊዜ እየገለጠ የሚያይ ባለጌ ሐኪም አልነበረም።"

ሄሱክ ሳቋን አፈነች። ቴጎን ጠረጴዛው ላይ የሌለ እድፍ በጣቱ ይፈትጋል።

"ለዚያች ልጅም አወረስሻት" ቀጠሉ አማቲቱ። "ለሶራ። ማን ያገባታል አሁን? ከነዘሯ የተበላሸች!"

"ስለ ልጄ አያንሡ።" ሚራን እጇ ላይ የነበረውን ማንኪያ አስቀመጠች። "እኔን እንደፈለጉ ይስደቡኝ። የሶራን ስም ግን እዚህ ቤት እንዳይጠሩት።"

"ትቆጣኛለች ደግሞ! አንተ! ትሰማለህ?" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ገና ጎልማሳ ነህ። አስታማሚ ሆነህ አትቀርም። ወደ ወንድሟ ቤት ትሂድ። ዘሯ ነው፣ እነሱ ያስታምሟት።"

ሦስቱም ሴቶች ቴጎንን አዩት።

"ገንፎው እንዳያር" አለ ቴጎን።

እንግዶቹ ሲወጡ ሚራን በሩን ዘግታ ዞረች።

"አፍ የለህም?"

"ምን ልበል?"

"እኔ እንደ ውሻ ስሰደብ አንተ ስለ ገንፎ ታስባለህ?"

"ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ ብቻ። እለምንሻለሁ፣ ሚራን። ወሬው መርከብ መሥሪያው ከደረሰ እንዴት እንደሚስቁ አታውቂም።"

"ይሳቁ!"

"እማዬም ብታውቅ…"

"ፈሪ" አለችው። ከዚያ ገንፎውን ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችለትና፣ ለራሷ የትናንቱን ሩዝ በጎመን በላች።

ሆስፒታል የሚገባበት ቀን ሲደርስ ቦርሳውን የተሸከመችው ሚራን ናት። ቴጎን ከኋላዋ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባዶ እጁን ይከተላል። ይህን ያየ ሁሉ ለሴትየዋ አዘነላት።

መጠበቂያው አዳራሽ ሲደርሱ ወይዘሮ ማልሱን ቀድመው ወንበር ይዘዋል። ሄሱክ ቀኑን አጣርታ ነግራቸዋለች።

"እማማ፣ ለምን ደከሙ?" አለች ሚራን።

"ላንቺ አይደለም የመጣሁት። ልጄን ልወስድ ነው።" የቴጎንን እጅጌ ጨመደዱ። "ተነሥ! እሷ ከነበሽታዋ እዚሁ ትቅር። ሰው ሁሉ ያይሃል። የሴት ጡት ሕክምና ቤት በር ላይ መጎለት ለወንድ ውርደት አይደለም?"

ቴጎን ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። 

"ንገራቸው" አለች ሚራን በቀስታ።

"ምን ይነግረኛል? ይህ ሁሉ ያንቺ ጦስ ነው! እኔ የወለድኩት ልጅ እንከን የለበትም!" ሲሉ ጮኹ ወይዘሮ ማልሱን። 

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች፦ "አቶ ቴጎን! ይግቡና ሸሚዝዎን ያውልቁ፤ ሐኪሙ ጡትዎ ላይ የሚቀደደውን ቦታ ምልክት ያደርጋሉ።"