የአሥራ አራት ግማሽ

ስሌትን ሁሉ ከጆሯችን ጀርባ ለተተከለው መሣሪያ ከተውን ሃያ ዓመት ሆኖናል። እኔ በዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት መሣሪያው ለእድሳት ለአንድ ሰዓት ሲዘጋ፣ ልጄ ሶልያና በትኩሳት ትቃጠል ነበር። የሽሮፑ ብልቃጥ «ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊሊትር» ይላል፤ ልጄ አሥራ አራት ኪሎ ናት። መስፈሪያውን ይዤ ቆምኩ።

«ሰባት ነዋ» አሉኝ ልጄን አቅፈው የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ድንቄ፣ መሣሪያውን አላስተክልም ብለው የቀሩት። «ምነው የኔ ልጅ፣ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

በጣታቸው ቆጥረው አሳዩኝ። እኔ ግን ትክክል መሆኑን የማረጋግጥበት ችሎታ አልነበረኝም፤ አላመንኳቸውም። ልጄ በእቅፋቸው ስትንቀጠቀጥ፣ መሣሪያው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

ተመልሶ «ሰባት» አለኝ። እትዬ ድንቄ መስፈሪያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሞሉት።