የማይጠራው ውሃ

በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ በሚገኘው ጋራዥ ውስጥ የነበርነው መካኒኩ አስናቀው፣ የጭነት መኪናው ባለቤት ሱሩር እና ከአስናቀው ጋር የምሠራው እኔ ነን። የሱሩር ሚስት ራሒማ ከሀዋታ ከተማ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ምጥ ይዟት ነበር። ሱሩር የራሃድ ወንዝ ሳይሞላ ተሻግሮ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ቸኩሏል።

ለመኪናው አዲስ የውሃ ፓምፕ ከመግጠማችን በፊት ራዲያተሩን ማጠብ ነበረብን። ከላይ የጉድጓድ ውሃ እጨምራለሁ፣ ከታች ዝገት ይወጣል። ብናጥበው ብናጥበው አልጠራ አለ።

«አንተ አስናቀው፣ መኪና ነው የምታጥበው ወይስ ሬሳ?» አለ ሱሩር።

«የወንዝ ውሃ ስታጠጣው የኖርክ አንተ ነህ። ያንተን ጭቃ ነው የምጠርገው።»

እኔም ሰለቸኝና ውሃ መጨመሬን ተውኩት። ከታች ግን መፍሰሱ አልቆመም። አስናቀው እየተነጫነጨ ራዲያተሩን ከመኪናው ፈታና ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ውሃው እንደ ጎርፍ ደፈረሰ፤ እርጥብ ሣርም ይዞ ይወጣ ጀመር። ግቢውን ሞልቶ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ።

«ዝጋው እንጂ!» አለ ሱሩር።

«ዘግቼዋለሁ» አለ አስናቀው ቀስ ብሎ።

ሱሩር ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ራሃድን እንደሚሻገር ሰው ወደ ውጭው በር መራመድ ጀመረ። እስከ በሩ ድረስ መሬቱ ሜዳ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ውሃው ደረቱ ላይ ነበር፤ እኛ ጋ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም።