ግማሽ ድምፅ ዝቅ

የከተማችን ማርሽ ባንድ መግቢያውን ነፋ፤ ዶይል ጊታሩን ሲመታ ሁለቱ ድምፅ ተላተመ። ክላርኔት የያዘችው የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ፊቷን አጨማደደች። ወይዘሮ ሎሪን የምትመራበትን ዘንግ አወረደችና እኛን አየችን። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እስቲ እንደገና» አለ ዶይል እየሳቀ። እንደገና ጀመሩ፣ ያው ሆነ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዘፋኙ ከዶይል ሃርገት ጎን ተቀምጬ ስቲል ጊታር፣ ያንን አጋድመው በብረት እያንሸራተቱ የሚመቱትን፣ ስጫወት አርባ ዓመት አለፈኝ፤ የእሱንም ጊታር የምቃኝለት እኔ ነኝ። እሱ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ምን ጣጣ ውስጥስ ገብቶ ያውቃል? ዘፈን ሲያመጡለት «ደስ ይላል፣ እንዝፈነው» ነው መልሱ። ያኔ በጠዋት ዶናት ይዘን ከሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ ጣቢያ ስንዞር፣ አንዱ ጋዜጠኛ ዓመት ሙሉ «ዶኒ» እያለ አስተዋወቀው፤ አንድ ቀን አላረመውም። አውቶቡሳችን ማሞቂያ አልነበረውም፣ ካልሲ በእጃችን አጥልቀን እንተኛ ነበር። አቤት ያ ጊዜ፣ ምንኛ ደስ ይል ነበር።

ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ታልሳ ከተማ መድረክ ላይ፣ «ጀልባው ይጠብቀኝ» የሚለው ትልቁ ዘፈኑ ላይ፣ ከፍ ከሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ከዳው። ሰው አጨበጨበለት። እሱ ግን አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ አንድ ቀልድ ሳይናገር ተኛ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ አንጀቴን በላው። በማግሥቱ ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁለት። ጣቶቹ የለመዱት ቦታ ላይ ያርፋሉ፣ ዘፈኑ ግን ወርዷል። አብረውን የሚጫወቱትን ልጆች ለየብቻ እየጠራሁ «ትንፍሽ እንዳትሉ» አልኳቸው። ዶይል ያለ ችግር ዘፈነ፣ ቀልዱም ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ግማሽ ዝቅ አደረግኩት። ከዚያም ሌላ።

ዛሬ እዚሁ ኬንተኪ፣ የተወለደበት ከተማ ድልድይ በስሙ ይሰየማል። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከሌሊት ጀምሮ የበግ ሥጋ እየተጠበሰ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያገሩ ሰው ሁሉ ይመጣል። ወይዘሮ ሎሪን ደግሞ ኖታውን ከድሮው ሸክላ ላይ ነው የገለበጠችው። ጠዋት «ትንሽ ዝቅ አድርጊልን» ብዬ ለምኛት ነበር።

«ሠላሳ ዓመት የነፋነውን በአንድ ጠዋት?» አለችኝ። «ክሌተስ፣ በጠዋቱ መጠጥ ጀመርክ እንዴ?»

እንግዲህ ልነግረው ነው። ድምፅህ ካለቀ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔ ነኝ ስሸፍንልህ የኖርኩት ልለው ነው፣ በዚህ ቀን።

«ዶይል፣ አንዴ ወዲህ ና።»

ክንዴን ይዞ ዛፉ ሥር ወሰደኝ። «አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ከታልሳ ማግሥት ጀምሮ አውቃለሁ። ጊታሩ ወርዶ ሰማሁት። ክሌት ጆሮው እየደከመ ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን የቃኘልኝን ሰው ምን ልበለው? እያደር ባሰብህ። እኔም አብሬህ ወረድኩ፣ ልጆቹም ላንተ ብለው ዝም አሉ።»

ጆሮዬ እኮ ጣራ ላይ የምትሄድ ድመት ይሰማል። «ታልሳ ላይ ግን ድምፅህ…» አልኩ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነበራ። አሁንም ሣር ሳጭድ በድሮው ከፍታ ነው የምዘፍነው፤ ጎረቤት ተማሯል።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ለማንም አልናገርም። ዛሬ ለራሴ ልቃኝ፣ አትቀየመኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ከክላርኔቷ ሴትዮ ድምፅ እየተቀበለ፣ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ጠመዘዘ። እኔም ሄጄ ስቲሌ ፊት ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሎሪን ዘንጓን አነሳች።

በድሮው ዘፈነው። ከፍ ወደሚለው ቦታ ሲቃረብ እጄ ክሩ ላይ ቀረ። እንደ ወጣትነቱ አይደለም፤ ሻክሯል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ግን ደረሰ፣ ደርሶም እዚያው ቆየ። ሥጋ የሚገለብጡት ሰዎች ሹካቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ይህን ሊሰማ መጥቶ ሳይሰማ ሄደ። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ደስታውም ሐፍረቱም እኩል መጣብኝ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዶይል መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ መስሏል። ጎንበስ አለና፣ መስማት ለደከመ ሽማግሌ እንደሚደረገው፣ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ጮክ አለ።

«እንዴት ነበር?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። መዳፌን ከጆሮዬ ጀርባ አደረግኩ።

«ምን አልከኝ?» አልኩት።