ድሬዳዋ ላለማደር

ሚስቱን ጅቡቲ ወስዶ ባሕር ሊያሳያት ቃል ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የሁለት ባቡሮች ትኬት አከታትሎ የቆረጠው ግን ድሬዳዋ እንዳያድሩ አድርጎ ነው፤ ከሚስቱ የደበቃት ልጁ እዚያ ትኖራለች። ለበደሉ ካሳ ይሆን ዘንድ ሚስቱን መስኮት ዳር አስቀመጣት።

«ለባሕር የገብስ ዱቄትና ቅቤ ምን ያደርግልሻል?» አላት ዘንቢሏን እያየ።

«መንገድ አይታወቅም» አለችና ፊቷን ወደ አዋሽ ሜዳ መለሰች።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ቀጣዩን ትኬት ለጣቢያው ሠራተኛ አሳየ።

«አባባ፣ ይኼ ስምንት ሰዓት እኮ በፈረንጅ ነው። ባቡሩ ጠዋት ሄዷል።»

ወደ ሚስቱ ዞሮ «ይቅር በይኝ፣ ሰዓቱ አሳስቶኝ...» አለ።

«እኔስ ትኬቱን ስታመጣው ያኔውኑ አይቼው ነበር» አለች ዘንቢሏን እያነሳች። «ልጅህ ወልዳለች አሉ። ቤቷን አሳየኝና ገንፎ ላገንፋላት።»